በሙታን ወር የተደገሰ ሰርግ

እኔ የትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም። ቢሆንም በፈረንጆቹ 1967 የሚገዙን እንግሊዞች ምን እንደሚያስፈራቸው በሆንግ ኮንግ ከጋዜጠኛው ሁሉ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነበርኩ። መርማሪው ታም ማክሰኞ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ሻውኪዋን ካለችው ሱቄ እየመጣ ይጠይቀኝ ነበር። ሱቄ ለሙታን የሚቃጠል ወረቀት፣ የዕጣን እንጨት፣ ሻማና ርችት ትሸጣለች።

በግንቦት፣ ቀይ ወረቀትና ሙጫ በብዛት የሚገዛው ማነው አለኝ። ኮሚኒስቶቹ የአገረ ገዢውን አጥር በጽሑፍ የለበጡበት ሰሞን ነው። በሰኔ ስለ ነጭ ጨርቅ ጠየቀ። ሥራ ያቆሙት የትራምና የወደብ ሠራተኞች መፈክር ይጽፉበት ነበር። ሐምሌ ሲገባ ወረቀቱንም ጨርቁንም ተወና ስለ ርችት ብቻ ይጠይቅ ጀመር። ባሩዱን ከርችት እያራገፉ፣ በቆርቆሮ እየጠቀጠቁ መንገድ ላይ ማስቀመጥ ጀምረው ነበር። ይህን ቦምብ የሰፈሩ ሰው አናናስ ይለዋል።

ታም የምለውን በትንሽ ደብተር ይጽፋል። እንግሊዙ አለቃው በየሳምንቱ፣ ዘዴያቸው ወዴት እየዞረ ነው፣ እያለ ወጥሮ እንደያዘው ነገረኝ። ሰልፉን በዱላ ስትበትኑት ነው ወደ ባሩድ የሚዞረው፣ ብለህ ጻፍለት አልኩት። አልጻፈውም።

ቾይ-ሃ የልጄ ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት በሦስት ዓመቷ ተረክቤ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷት ጥጥ ፋብሪካ ትሠራለች። ከግንቦት ወዲህ ከኮሚኒስቶቹ ጋር ገጥማ፣ ጸጉሯን አሳጥራ፣ ለዘመዶቿ ሙታን ዕጣን መለኮስም ትታለች። ኋላ ቀርነት ነው ትለኛለች። ያደግሽው ኋላ ቀር ዕቃ ተሽጦ ነው ስላት ታኮርፋለች።

በእኛ በቻይናዎች አቆጣጠር ሰባተኛው ወር በገባ በሦስተኛው ቀን መጣችና አርባ ዘለላ ርችት ፈለገች። አርባውን ከረጢት ውስጥ ከትቼ ለምን አልኳት።

“ጓደኛዬ እሁድ ታገባለች።”

የከረጢቱን አፍ ማሰር ተውኩ። ሰባተኛው ወር ሙታን ከየመቃብሩ ወጥተው የሚንከራተቱበት ነው። እንኳን ሰርግ፣ ቤት የሚቀይርም የለም። ይህን ጡት ያልጣለ ሕፃን ያውቃል። እሷ ግን ሙታኑን ከራሷ ስታባርር ወራቸውንም አብራ አባራዋለች። ባለፈው ሳምንት አንድ የፋብሪካዋ ልጅ አናናስ ሲጠቀጥቅ ሁለት እጁን አጥቷል። ባሩድ ይዞ የተገኘም ስምንት ዓመት ይፈረድበታል። የማን እጅ እንደሚቀድማት ማሰብ ጀመርኩ፤ የፖሊሱ ወይስ የባሩዱ።

ስድቡን አፌ ላይ እንዳደረስኩ ታም በሩ ላይ ቆሞ አየሁት። ማክሰኞ ነበር። ከረጢቱ ባንኮኒው ላይ አፉን ከፍቷል።

ይህ ሁሉ ለምንድነው አላት። እሷም ኮራ ብላ፣ ለሰርግ ነው አለችው።

ታም አልሳቀም፣ አልተቆጣም። ደብተሩን አወጣ። እናቱ ሠላሳ ዓመት ዕጣን የገዛችው ከእኔ ነው።

“በዚህ ወር?” አለ ቀስ ብሎ። “የማን ሰርግ?”

ያኔ ገባት። ፊቷ ወረቀት መሰለ።

“የልጄ ነው” አልኩ። “የካም-ቱንግ። በጃፓን ጊዜ በስድስት ዓመቱ በረሃብ የሞተብኝ። ሞቶም ዕድሜው አልቆመም፤ ዘንድሮ ሠላሳ አንድ ሆነው። በሕልሜ እየመጣ ሚስት አምጪልኝ እያለ ነዘነዘኝ። የሙታን ሰርግ በሙታን ወር ካልሆነ መቼ ሊሆን ነው?”

“ሙሽራዋስ፣ እማማ?”

“የላው ልጅ። እሷም ከሞተች ሃያ ዓመቷ ነው።”

ላው ከማዶ ጨው የተነሰነሰ ዓሣ ትሸጣለች። በቦይ ውሃ ተጣልተን ሦስት ዓመት ሰላምታ የለንም። ታም ከደጄ ሆኖ ጮክ ብሎ ጠራት፤ ልጅዎን ድረዋል አሉ፣ እውነት ነው? ላው ቢላዋዋን እንደያዘች መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ቾይ-ሃን፣ ከዚያ ከረጢቱን አየች። አንድ ዓሣ ገልብጣ ጨረሰች።

“ድሬያለሁ” አለች። “ጥሎሹን ግን አላየሁም። ይቺ ሴትዮ እጇ አይፈታም።”

ታም ደብተሩን አጠፈ። “እሁድ እመጣለሁ። አርባውም ሲፈነዳ ቆሜ እቆጥራለሁ።”

እንደሄደ ቾይ-ሃ ግማሹን ስጪኝ ብላ ለመነችኝ። ጓዶቿ እየጠበቁ ነው፤ ለሕዝቡ ነው። አናናሱን በምታኖሩበት መንገድ የሚያልፈው ማን ይመስልሻል፣ ሕዝቡ አይደለም ወይ፣ አልኳት። ከረጢቱን ከመቀመጫዬ ስር አድርጌ አምስት ቀን ተቀመጥኩበት።

እሁድ በቀትር የወረቀት ሙሽራና የወረቀት ሙሽሪት አቁመን ዳርናቸው። ርችቱን እንድትለኩስ ያደረግኩት ቾይ-ሃን ነው። አንድ በአንድ ለኮሰች። በሦስተኛው ዘለላ ከማዕዘኑ ፖሊሶች ጠመንጃ ደግነው እየሮጡ መጡ፤ ታም በእጁ መለሳቸው። አርባኛው ሲያልቅ መንገዱ ሁሉ ቀይ ብጥስጣሽ ወረቀት ሆነ። በየአናናሱ ሊጠቀጠቅ የነበረው ባሩድ ጭስ ሆኖ ወደ ባሕሩ ሄደ።

ታም የቀረበለትን ወይን ጠጣ። ምን ብለህ ልትጽፍ ነው አልኩት።

“አርባ ዘለላ፣ ለሰርግ” አለኝ። “አለቃዬ በዚህ ወር ሰርግ እንደሌለ አያውቅም።”

ጥቂት ቆይቶ መንግሥት ርችትን ጨርሶ ከለከለ። የቀረኝን የርችት ሣጥን የወሰደው ራሱ ታም ነው።

ቾይ-ሃ አንድ ወር ሙሉ አላናገረችኝም። ላው ደግሞ አሁን ዘመድ ነን እያለች የቦዩን ውሃ በግላጭ ወደኔ ትደፋለች። አንድ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ልጅቷ መጣችና የካም-ቱንግና የሚስቱ ስም በተጻፈበት ሰሌዳ ፊት ሁለት ሳህን ሩዝ አኖረች።

“ለአጎቴ ነው” አለች ሳታየኝ። “ላንቺ አይደለም።”

ሁለቱን ሳህን ያኖረችው በሁለት ደህና እጆቿ ነበር።