ትርፉ መስታወት

ፎቶ አንሺው አስፋው የናዝሬት አቧራ ገባበት ብሎ ሌንሱን ቢፈታው፣ ሁለት መስታወቶች ተጣብቀው አገኘ፤ አንዱ ሆዱ ያበጠ፣ ሌላው የጎደጎደ። አላቅቆ ጠራረጋቸውና የጎደጎደውን «ይሄ ደግሞ ነገር ከማሳነስ በቀር ምን ይፈይዳል? ትርፍ ነው!» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ወረወረው።

ከዚያ ወዲህ የሚያነሳው ነጭ ልብስ ሁሉ ዳር ዳሩን ሐምራዊ ይሆን ጀመር። አስፋው ፊልሙን ረገመ፤ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ከፊልም አጣቢዎቹ ጋር ተጣላ።

በሦስተኛው ወር ሰዓት ሠሪው ጂብሪል ጉዱን ሰምቶ ሳቀበት። «ይኸው ሠላሳ ዓመት ሰዓት ስፈታ ትርፍ ዕቃ አጋጥሞኝ አያውቅም። ያበጠው ብቻውን ሲሆን ብርሃኑን በየቀለሙ ይበትነዋል፤ የጎደጎደው ነው መልሶ የሚሰበስብለት።»

አስፋው አፍሮ መስታወቱን መለሰ። ሐምራዊውም እልም አለ።

በማግስቱ ጎረቤቱ እማማ አሰለፈች ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው ፎቶ ሊነሱ መጡ። በእጃቸው የልጃቸውን ፎቶ ይዘዋል። ለብሔራዊ ውትድርና ሊሄድ ሲል በነጭ ሸሚዝ የተነሳው ነው፤ ከሄደ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ትከሻው ዙሪያውን ሐምራዊ ነው።

አስፋው ተሸማቀቀ። «እማማ፣ ይሄ የኔ ጥፋት ነው። እርስዎን ጥርት አድርጌ አነሳዎታለሁ።»

«አይሆንም» አሉ። «ከልጄ ጎን ላደርገው ነው። እሱ ያለበት ብርሃን ውስጥ አስገባኝ።»

አስፋው ሌንሱን ፈታ። የጎደጎደውን መስታወት አውጥቶ በጥንቃቄ ኪሱ ከተተና፣ «ቀና ይበሉ፣ እማማ» አላቸው።