በሩ የሚከፈትበት ቀን

አባቴን ማስቆም እንደማልችል የገባኝ አውቶቡሱ ድልድዩ ጋ አውርዶን ዞሮ ሲመለስ ነው። ሐኪሙ ደረጃ እንኳ እንዳይወጣ የከለከለው የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሰው ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ተራራውን ቀና ብሎ ያያል። የተወለደበት መንደር፣ ጌራኮሪ፣ ጫፉ ላይ ተለጥፋለች። የክረምቱ ናዳ የመኪናውን መንገድም የስልኩን መስመርም ይዞት ስለወረደ፣ አሁን የሚያደርሰው የድሮው የበቅሎ መንገድ ብቻ ነው። ለጤነኛ ሰው ግማሽ ቀን፣ ለእኛ ሙሉ ቀን።

የምንሄደው አጎቴ ዮርጊስ ቤት ነበር። ወንድማማቾቹ ከተኳረፉ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። በእኛ አገር ሰው በተቀበረ በሦስተኛው ዓመት አጥንቱ ይወጣል፤ ልጆቹ በወይን አጥበው በሣጥን ቤተ ክርስቲያን ያኖሩታል። የአያቴ ጊዜ ሲደርስ አባቴ ከአቴንስ ሥራ በዛብኝ ብሎ ቀረ። አጎቴ የእናቱን አጥንት ብቻውን አጠበ። ከዚያ ወዲህ የአባቴ ስም በዚያ ቤት ተጠርቶ አያውቅም።

ግን በዓመት አንድ ቀን አለ። ሰው ስሙን የወረሰው ቅዱስ በሚከበርበት ዕለት ማንንም አይጠራም፤ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ይቀመጣል፣ ያስታወሰ ይመጣል። ጠላት እንኳ ቢመጣ ይቀርብለታል እንጂ "ምን እግር ጣለህ" አይባልም። አባቴ ሆስፒታል ተኝቶ የቆረጠው ይህንን ነው፤ ኤፕሪል ሃያ ሦስት፣ የዮርጊስ ስም በተወሰደበት በቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን፣ ወንድሙ ሊያባርረው በማይችልበት ቀን ሊገባ። "ይቅርታ የሚል ምላስ አልፈጠረብኝም፤ እግር ግን አለኝ" ይለኛል። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ የነገረኝን፣ ልቡ ሁለት ሳምንት እንደማትቆይ፣ አላወቀም። እንዳልነግረው ፈራሁ፣ እንዳልከለክለው አሳዘነኝ፣ እንዲሁ ተከተልኩት።

እኔ የያዝኩት የኬክ ካርቶን ነው። የኬክ ቤቷ ሻጭ "ወተትና ቅቤ አለው፣ ይሁን?" ስትለኝ ስለ ውፍረቴ የተጨነቀች መስሎኝ ተቆጥቼ ነበር የወጣሁት።

አባቴ ሃያ እርምጃ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ዕይታውን የሚያደንቅ ይመስላል። "ያቺ ዋርካ አድጋለች" ይላል። ዛፏ ዋርካ አልነበረችም፤ ትንፋሽ መሰብሰቢያ ነበረች። እኔም "አዎ፣ አድጋለች" እላለሁ። ላቡ በጆሮው ሥር ሲወርድ እያየሁ ስለ ዛፍ አወራለሁ። እንዲህ ያለ ውሸታም አድርጎኛል ያ መንገድ።

መንገዱ እኩሌታ ላይ ምንጭ አለ። እዚያ ዳቦና አይብ አወጣሁ። በቅሎ የምትነዳ ማሪጎ የምትባል አሮጊት ከላይ እየወረደች ደረሰች፣ ሰላም ሳትል አይቡን አየችው።

"በጾም አይብ?" አለች። "የአቴንስ ሰው መሆንሽ ከጫማሽም ከአፍሽም ይታወቃል።"

"ለበሽተኛ ይፈቀዳል" አልኳት።

"እሱስ በሽተኛ ነው፤ አንቺ ምንሽ ታሟል?" ብላ እየሳቀች አለፈች።

እኔም ሳቅሁ። አባቴ ግን አልሳቀም። አይቡን አየ፣ የኬኩን ካርቶን አየ፣ ከዚያ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያጠፈ የሆነ ነገር መቁጠር ጀመረ። ፊቱ ዐመድ መሰለ።

"አባዬ፣ ልብህ ነው?"

"አይደለም።"

"እንመለስ፤ በሞቴ።"

"አንመለስም" አለና ተነሣ። ከዚያ በኋላ ስለ ዛፍም አላወራም።

ጌራኮሪ የደረስነው ፀሐይ ልትገባ ስትል ነው። የአጎቴ ቤት በር ሰማያዊ ነው፤ ተዘግቷል። የሰው ድምፅ የለም፣ የጥብስ ሽታ የለም። ሚስቱ አሬቲ በመስኮት ብቅ አለች፤ አባቴን ስታይ አፏን በመዳፏ ያዘች።

"እንኳን አደረሳችሁ፣ እትዬ አሬቲ" አልኩና ካርቶኑን ከፍ አደረግሁት።

"ለምኑ ልጄ?"

"ለቅዱስ ጊዮርጊስ።"

"አይ ልጄ" አለች። "ፋሲካ እኮ ገና ነው። ጊዮርጊስ ጾም ላይ ሲውል ይሻገራል፤ ዘንድሮ የሚከበረው በፋሲካ ማግስት ነው። ይህን ሕፃን ያውቀዋል።"

ወደ አባቴ ዞርኩ። ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

"ሆስፒታሉ ጾሙንም በዓሉንም ደባልቆብኝ ነበር" አለ። "ምንጩ ጋ ትዝ አለኝ። ብነግርሽ ትመልሺኝ ነበር።"

"እትዬ አሬቲ፣ ክፈቺለት። ታሟል።"

አሬቲ ወደ ውስጥ ዞር አለች። ያኔ ከበሩ ጀርባ አንድ ሰው ሳለ። አጎቴ እዚያው፣ ከሳንቃው ወዲያ፣ ከአባቴ በክንድ ርቀት ቆሞ ነበር።

"ንገሪው" አለ ለሚስቱ። "የኔ በዓል የፋሲካ ማግስት ነው። የዚያን ቀን በሬ ክፍት ነው። ለማንም።"

በሩን የሚያስከፍት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረኝ። "አጎቴ፣ እስከዚያ አይደርስም" ማለት ነው። አፌን ከፈትኩ። አባቴ አጠገቤ ፈገግ ብሎ በሩን እያየ ነበር፤ እንደዚያ ፈገግ ሲል ካየሁት ስንት ዓመቱ። አጎቴ እንዲሰማው ብናገር አባቴም ይሰማል። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

"እመጣለሁ" አለ አባቴ ለሳንቃው።

አሬቲ ጎረቤት ባዶ ቤት አሳደረችን። በማግስቱ ተመልሳ በወጣችው በማሪጎ በቅሎ ስንወርድ፣ ኮርቻውን በሁለት እጁ ይዞ፣ "ክፍት ነው አለ። ሰማሽ አይደል?" ይለኛል። "ሰማሁ" እለዋለሁ። ድልድዩ እስክንደርስ ስድስት ጊዜ ጠየቀኝ።

አባቴ በሳምንቱ፣ በሕማማት ማክሰኞ አረፈ። ጌራኮሪ ስልክ የለም፤ ማንም አልነገራቸውም። በፋሲካ ማግስት ያንኑ መንገድ ብቻዬን ወጣሁት። ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀብኝም፤ ይህም አናደደኝ።

ሰማያዊው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። አጎቴ ሙሉ ልብስ ለብሶ ደፉ ላይ ቆሟል፤ ከኋላው ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆ ጎን ለጎን ተቀምጦ አየሁ። ከሩቅ ሲያየኝ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ መንገዱን ተመለከተ።

"የታለ? ከኋላ ቀረ? እሱ ድሮም ቀርፋፋ ነው" አለ።

"ክርስቶስ ተነሥቷል፣ አጎቴ" አልኩት።

"በእውነት..." ብሎ ጀመረና ዐይኑ ጥቁር ቀሚሴ ላይ ቀረ። ከአንገትጌው እስከ ጠርዙ አየው።

"የት ቀበራችሁት?"

"አቴንስ።"

"በሦስተኛው ዓመት ጥሪኝ" አለ። "ወይኑን ከዚህ ይዤ እመጣለሁ። ሁለታችን እናጥበዋለን። ብቻውን ያጠበ ሰው ምን እንደሚሆን እኔ አውቃለሁ።"