ወንበሩን አልለቅም

ኤርቬ ቡቲዬ በፈረንሳይ በሚካሄደው የሌ ማን የመኪና ውድድር አስራ አንድ ጊዜ ተሰልፎ አንድም ጊዜ አልጨረሰም። ውድድሩ ቅዳሜ ከቀኑ አስር ሰዓት ተጀምሮ እሁድ በዚያው ሰዓት ያልቃል፤ ኤርቬን ግን እሁድ ቀን መሪ ጨብጦ ያየው ሰው የለም። አንዴ ሞተሩ ይነድበታል፣ አንዴ ጎማው ይፈነዳበታል፣ አንዴ ደግሞ ራሱ ሄዶ ከአጥር ይላተማል። በተወለደባት፣ ውድድሩም በአጠገቧ በሚያልፍባት በአርናዥ ሥጋ ሻጩ ሳይቀር ሪዬት የሚሉትን የአሳማ ሥጋ እየጠቀለለለት «ሙስዬ ቅዳሜ፣ ዘንድሮስ ለእሁድ ምሳ ቤትህ ነህ?» ይለዋል። ኤርቬ ይስቃል። ጥርሱ ነው የሚስቀው፣ ሆዱ እርር ድብን ይላል። ሃምሳ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ ከእንግዲህ መኪና የሚሰጠው እንደማያገኝ ያውቃል። አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ ጨራሽ ተብሎ ስሙ እንዲጻፍ ነበር ምኞቱ።

አንዱን መኪና ሁለት ሰው እየተፈራረቀ ነው የሚነዳው፤ ዕድሉ ደግሞ መኪናውን ከጋኤታን ሎርዮ ጋር አጋራው። ጋኤታን የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነው፤ የአባቱ ብስኩት ፋብሪካ ስም በመኪናው ግራና ቀኝ ተለጥፏል። ሁለቱ እሳትና ጭድ ናቸው። ኤርቬ «አንተ ብስኩት» ይለዋል። ጋኤታን ግን አንቱ እያለ ነው የሚሰድበው፤ ኤርቬን ከሁሉ ያቃጠለውም ይሄ ነው።

እሁድ ጠዋት ጋኤታን ማርሽ ስቶ ካምቢዮውን ሰብሮ መጣ። መካኒኮቹ ተረባርበው መፍታት ሲጀምሩ ኤርቬ ገና ሳይጠሩት ዘሎ ወንበሩ ላይ ጉብ አለ፤ ቀበቶውንም አጠበቀ።

«የት ነው መንዳት የተማርከው? ሊጥ ማቡኪያው ላይ?»

«ብሰብርም እሁድ ነው የሰበርኩት» አለ ጋኤታን ላቡን እየጠረገ። «እርስዎ እዚህ ቀን ላይ ደርሰው ያውቃሉ?»

የቡድኑ አለቃ ማዳም ሼቭሮ መሃላቸው ገባች። ቡድኑን ከሟች ባሏ የወረሰች፣ ቁጣዋ ከሞተር የሚብስ ሴት ናት።

«ኤርቬ፣ ውረድ! ጥገናው አንድ ሰዓት ይፈጃል። አንድ ሰው ከአስራ አራት ሰዓት በላይ እንደማይነዳ ታውቃለህ። መኪናው ቢቆምም ወንበሩ ላይ እስካለህ ባንተ ነው የሚቆጠረው።»

«ቆሞ መንዳት አለ እንዴ ማዳም?»

«ዘንድሮ ደንቡን ለውጠውታል እኮ ነው የምልህ! ስብሰባው ላይ ተኝተህ ነበር?»

ተኝቶ አልነበረም። ጋኤታን የተቀመጠበት ክፍል ውስጥ አልቀመጥም ብሎ ውጭ ቋሊማ ሲበላ ነበር። አሁንም አላመናትም። የብስኩቱ ብር ነው የሚያናግራት፣ እኔን አውርዳ ልጁን ልታስቀምጥ ነው አለ በልቡ። ቂም ተይዞ ጸሎት፣ ሳል ተይዞ ስርቆት ይባላል፤ ቂም ተይዞ ሂሳብም ያው ነው። እጁን መሪው ላይ ጭኖ፣ ጎማው የወለቀ መኪና ውስጥ እንደ ንጉሥ ሰዓቱን ሙሉ ተቀመጠ። አንድ መካኒክ ከስር ሆኖ «ወይ ግትርነት!» ሲል ሰምቶታል።

መኪናው ተጠግኖ ወጣ። ኤርቬ ጥሩ ነዳ፤ ይሄን መካድ አይቻልም። ውድድሩ ሊያልቅ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ሲቀረው ለመጨረሻው ነዳጅ ገባ። ጋኤታን የመከላከያ ኮፍያውን ደፍቶ፣ ጓንቱን አጥልቆ በሩ ላይ ቆሟል። ኤርቬ በሩን ከውስጥ ግጥም አድርጎ ያዘው።

«ውረድ አንተ! ተራዬ ነው!» ጋኤታን በቡጢ ጣሪያውን ደበደበው። አንቱታው አሁን ቀርቷል።

«አስራ አንድ ዓመት ተራዬን ጠብቄአለሁ! ሂድና ብስኩትህን ጋግር!»

«ስማኝ እንጂ፣ አንተ ደንቆሮ—»

ነዳጅ ቀጂው ቧንቧውን ከመንቀሉ ኤርቬ ተፈተለከ። ማዳም ሼቭሮ በሬዲዮ ስትጮህበት ገመዱን መዘዘው። ከዚያ በኋላ ባለፈ ቁጥር «ግባ» የሚል ሰሌዳ ከመንገዱ ዳር ግድግዳ በላይ አወጡለት። ከስሩ የጋኤታን ስም ነበር። ስሙን ባየ ቁጥር ነዳጁን የበለጠ ረገጠ።

አስር ሰዓት ሲሞላ መስመሩን አለፈ። ከዚያ በቀስታ በሚዞረው የመሰናበቻ ዙር፣ እንደ ወጉ፣ በየመታጠፊያው ያሉት ባንዲራ ያዦች ሁሉ ወደ መንገዱ ጠርዝ ወጥተው ባንዲራቸውን አውለበለቡለት። አርናዥ ላይ የአገሩ ሰዎች አጥሩን ይዘው ጮኹለት። ኤርቬ አለቀሰ። ኮፍያው ውስጥ እንባውን የሚጠርግበት መንገድ ስላልነበረ እንዲሁ ፈሰሰ።

ሲገባ ግን የሚቀበለው ሰው አልነበረም። መካኒኮቹ ግድግዳ ተደግፈው መሬት መሬት ያያሉ። ሁለት ዳኞች ከማዳም ሼቭሮ ጋር ቆመዋል። በሩን ራሷ ከፈተችው። አልጮኸችም፤ ይሄ አስፈራው።

«አስራ አራት ሰዓቱን በሃያ ደቂቃ አልፈሃል» አለችው። «ተሰርዘናል። አልጨረስንም።»

«መኪናው ቆሞ የነበረበትን ሰዓት ቆጥረው ነው እንጂ—»

«ነገርኩህ እኮ ኤርቬ። ነገርኩህ!»

«የሰበረውስ እሱ አይደለም?» ጣቱን ወደ ጋኤታን ቀሰረ። «ልጁ ባይሰብር ኖሮ ይሄ ሁሉ ይመጣ ነበር?»

ጋኤታን ቀስ ብሎ መጣ። ኮፍያውን አላወለቀም፤ ከነዳጁ ጀምሮ እንደደፋው ነው። የኮፍያውን መስተዋት ብቻ ገለጥ አደረገ።

«ግማሽ ሰዓት ብቻ ነበር የምነዳው» አለ። «ከዚያ ሁለት ዙር ሲቀር አንተን አስገብተን መስመሩን አንተ እንድታልፍ ከማዳም ጋር ተስማምተን ነበር። እኔ ነኝ የጠየቅኳት። ማዳምን ጠይቃት።»

ማዳም ሼቭሮ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ስለምወድህ እንዳይመስልህ» አለ ልጁ መስተዋቱን መልሶ እየዘጋ። «አንዴ ጨርሰህ ከዓይኔ እንድትጠፋልኝ ነው።»

ዞሮ ሄደ። መካኒኮቹም ዕቃቸውን ይሰበስቡ ጀመር። ኤርቬ ቀበቶውን ሳይፈታ ተቀመጠ። ውረድ የሚለው እስኪመጣ ጠበቀ፤ ወንበሩን የሚሻማው ግን አልነበረም።