የድመቱ ዕጣ

በምርምር ተቋሙ ውስጥ ስሙን የሚያስታውስ ሰው አልነበረም፤ ትልቁም ትንሹም «ድመቱ» ነበር የሚለው። ሥራው ምድር ቤት ያሉትን ነጫጭ አይጦች መቀለብ፣ ሰጋቱራቸውን መቀየር፣ መርፌ የሚወጉበት ቀን ሲደርስ ደግሞ አንድ በአንድ እየያዘ ማውጣት ነው። ሌላው ሰው ወፍራም ጓንት አጥልቆ፣ ላብ አጥምቆት የሚይዛትን አይጥ እሱ በባዶ እጁ ላፍ ያደርጋታል። «ኧረ ጓንት አድርግ!» ሲሉት «እኔና እነሱ እንተዋወቃለን» ይላል። እውነትም ተነክሶ አያውቅም። እንግዲህ ሰው ጎበዝ በሆነበት ነገር ላይ ማንም አይቆጣጠረውም፤ ጉዱም የሚፈላው እዚያው ላይ ነው።

ይህ ሰው በዓለም ላይ ያለችው አንዲት ታላቅ እህት ነች። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ድክ ድክ ይል ነበርና አዝላ፣ አጉርሳ፣ ገርፋም ያሳደገችው እሷ ነች። ሽበት ካበቀለ በኋላም «እትዬ» እንጂ በስሟ ጠርቷት አያውቅም። ዕድሜዋን ሙሉ አስተማሪ ነበረች፤ ጡረታ ስትወጣ ልቧ ደከመ። ሐኪሟ ያዘዘላት ክኒን ነበር። ክኒኑ አያድናትም፤ ግን ያቆማታል። ችግሩ ከሽንት ቤት አያስወጣትም። «ይሄ ሐኪም መድኃኒት ነው የሰጠኝ ወይስ የሽንት ቤት ዘበኛ አድርጎ ቀጠረኝ?» ትላለች፤ ራሷ ተናግራ ራሷ ትስቃለች፤ ሳቋም በሳል ያልቃል።

ታዲያ አንድ ቀን ላይኛው ፎቅ ያለችው ዶክተር ለደከመ ልብ የሚሆን አዲስ መድኃኒት ይዛ መጣች። አይጦቹ ልባቸው እንዲደክም ተደረገ። ከዚያ ግማሾቹ መድኃኒቱን፣ ግማሾቹ ባዶ ውሃ ሊወጉ ሆነ። ዶክተሯ ድመቱን ጠርታ «በዕጣ ይክፈሏቸው እሺ? ማዳላት እንዳይኖር» አለችው።

ማዳላት! ለድመቱ ከዚህ የባሰ ስድብ የለም። ትልቁን ሳጥን ከፈተ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ እጁን ሰደደ፣ የገባችለትን አወጣ። መጀመሪያ በር አጠገብ ያለውን የግራ መደርደሪያ ሞላ፤ ያ የውሃው ነው። የቀሩትን ወደ ቀኙ አሻገረ፤ ያ የመድኃኒቱ ነው። «ዓይኔን ጨፍኜ! ከዚህ ወዲያ ዕጣ ከየት ይመጣል?» እያለ ለራሱ ኮራ።

መድኃኒቱ ጉድ አሰኘ። የቀኞቹ አይጦች መሮጫ ማሽኑ ላይ ሲወጡ ፈረስ ሆኑ፤ የግራዎቹ ገና ከመጀመራቸው ዝርግት አሉ። ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሱ፣ ዶክተሯ ድመቱን አቅፋ ጉንጩን ሳመችው። ቀጥሎ ተራው የሰው ሆነ። በጎ ፈቃደኛ ይፈለጋል ተባለ፤ የሚገባ ሰው ግን የድሮ ክኒኑን ማቆም አለበት።

እትዬ መቼም ለሐኪም ወሬ ጆሮ የላትም። ወንድሟን አስቀምጣ «አንተ ምን ትላለህ?» አለችው።

«እትዬ ሙቺ! በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት። ሲሮጡ ብታዪያቸው!»

«እኔ አይጥ ነኝ እንዴ?»

«ብትሆኚማ ኖሮ እስካሁን ሩጫ ጀምረሽ ነበር።»

ሳቀች። «እንግዲህ አንተ ካልክ» አለች፤ ሌላ ነገር አልጠየቀችም። እሱም የክኒኑን ብልቃጥ ከራስጌዋ አንስቶ «የሽንት ቤት ዘበኝነት ከዛሬ ጀምሮ ቀረ!» ብሎ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ወረወረው። በማግስቱ ቦታው ሳይሞላ ብሎ ክንዷን ይዞ ወሰዳት፤ ከሁሉ ቀድማ ገባች። ለመጀመሪያዎቹ ሰዎች ባዶ ውሃ የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም የሚወጉት መድኃኒቱን ነው ሲሏት «ይኸው፣ ዕድሌ ቀና» አለች።

ምን ዕድል አለ! እግሯ ማበጥ ጀመረ። በጣቷ ስትጫነው ጎድጉዶ ይቀራል። ተራ መጠበቂያው ወንበር ላይ ግን የባሰበት ሰው ከጥናቱ ይወጣል የሚል ወሬ ሰምታለችና ወፍራም ካልሲ አጥልቃ መሄድ ያዘች። ሚዛን ላይ ወጥታ ክብደቷ ሲጨምር «ምግብ ተስማምቶኝ ነው የኔ ልጅ» ብላ ነርሷን ሸነገለቻት። ድመቱ ግን እግሯን አይቶታል። አይቶ ምን አለ? «መድኃኒቱ ሲሠራ ነው እትዬ፣ ትንሽ ታገሺ።» የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ አሉ! ምን ያውቃል እሱ?

አንድ ቀን ጠዋት ምድር ቤት አዲስ ሠራተኛ መጣች። ልጅቷ ሳጥኑ ሲከፈት ወደ ኋላ ዘለለች። ድመቱ ሳቀባትና ሊያሳያት እጅጌውን ሰበሰበ።

«አየሽ እህቴ፣ አይከብድም። ዓይንሽን ጨፍነሽ እጅሽን ትሰጃለሽ፣ የመጣችውን ትቀበያለሽ። በቃ!»

ዶክተሯ ለአዲሷ ሠራተኛ ቁልፍ ልትሰጥ ወርዳ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለች።

«ዕጣ እያወጣሁ ነዋ፣ ዶክተር።»

«ዕጣው ይሄ ነው?»

«ታዲያስ! እንደ ሁልጊዜው።»

«የልቡ ጥናት ጊዜም?»

«እንዴታ! ዓይኔን ጨፍኜ፣ ለማንም ሳላዳላ።»

ዶክተሯ የቀለብ ጆንያው ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ቁጥራቸው ጆሯቸው ላይ አለ እኮ» አለች ድምጿን ቀንሳ። «ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፈን፣ ወረቀቱን አጣጥፈን ነበር ዕጣ ማውጣት የነበረብን። ለመሆኑ ቀድመው እጅዎ የሚገቡት የትኞቹ ናቸው?»

«እንግዲህ… የማይሸሹት።»

«ለምንድነው የማይሸሹት?»

ሊመልስ አፉን ሲከፍት ነገሩ ታየው። እሱ ዓይኑን ቢጨፍን አይጦቹ መች ጨፈኑ! ልባቸው የደከመውም ሁሉም እኩል አልነበረም፤ መሮጥ የቻለች ሁሉ እጁን አይታ ጥግ ትይዛለች። ልቧ የዛለው ነች ባለችበት ቁጭ ብላ የምትያዘው። የባሰባቸውን ሰብስቦ ለውሃው፣ ሻል ያሉትን ለመድኃኒቱ ሰጥቷል። መድኃኒቱ ማንንም አላስሮጠም፤ ድሮም ሯጮች ነበሩ።

«እኔም አንድ ቀን ወርጄ አላየሁም» አለች ዶክተሯ። «በዕጣ ይክፈሉ ብዬ ወደ ላይ ወጣሁ።»

«እህቴስ? ክኒኗን አቁማለች እኮ! እግሯ አብጧል፣ ከእናንተ ደብቃ ነው!»

ዶክተሯ ተነስታ ስልኳን አወጣች። «ጥናቱን የሚቆጣጠረው ኮሚቴ ሳይሰበሰብ ለበጎ ፈቃደኞቹ እንዲህ ነው ብዬ መናገር አልችልም። ዛሬውኑ እጠራዋለሁ።» ቀና ብላ አየችው። «እርስዎ ግን ወንድሟ ነዎት። ምን ይጠብቃሉ? ይሂዱ እንጂ!»

ኮሚቴ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ድመቱ ጋዋኑን እንኳ ሳያወልቅ ወጣ። መንገዱን እንዴት እንደጨረሰው አያውቅም፤ ብቻ እትዬ ቤት ሲደርስ ልብሱ አይጥ አይጥ ይሸታል።

እትዬ መስኮቱ ሥር ወንበሯ ላይ ነበረች። ጋደም ስትል ትንፋሽ ስለሚያጥራት ከጀርባዋ ትራስ ደራርባ፣ ተቀምጣ ነው የምታድረው። እግሯ ሥር ተንበርክኮ ሁሉንም ነገራት፤ ዕጣውን፣ ግራና ቀኙን፣ ሯጮቹን። ምንም አላስቀረም። ስታስተምር ተማሪ ሲያነብላት እንደምታደርገው አንገቷን ዘንበል አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«ታዲያ በዓይኔ በብረቱ አየሁ ያልከኝስ?»

«አይቻለሁ እትዬ። ሲሮጡ አይቻለሁ። ለምን እንደሚሮጡ ግን አላየሁም።»

ዞራ ወደ አልጋዋ ራስጌ አየች።

«ክኒኔን የት አደረግከው?»

«ጣልኩት እኮ።»

«አዎ፣ ጣልከው።» ካልሲዋን ወደ ላይ ሳብ አደረገች። «እስቲ ደግመህ ንገረኝ። ከሳጥኑ ውስጥ ቀድመህ የምትይዘው የትኛዋን ነው?»

«የማትሸሸዋን።»

«እኔን ስንተኛ አስገባኸኝ?»

አንገቱን ደፋ። «መጀመሪያ።»

«አልሸሸሁህማ» አለች። «ሌላ ሰው ቢሆን እሸሽ ነበር። ያንተ እጅ ሆነብኝና ዝም ብዬ ገባሁልህ።»

ድመቱ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ድሮ ቢሆን ራሱን ታሻሸው ነበር፤ አሁን እጇን ከጭኗ ላይ አላነሳችም። ሲወጣለት ፊቱን በጋዋኑ ጠራርጎ ተነሳ። «ነይ ሆስፒታል እንሂድ፣ ታክሲ አስቆማለሁ፣ የድሮውን ክኒን ዛሬውኑ ያስጀምሩሻል፣ ነይ እትዬ» አለና እጁን ዘረጋላት።

እትዬ እጁን አየችው። ከዚያ የራሷን እጅ ሰብስባ ብብቷ ሥር ከተተች፤ ትከሻዋም ወደ ወንበሩ ጥግ ሸሸ። አስባበት አልነበረም። ራሷም ያደረገችው ሲገባት ዓይኗን ከእሱ ላይ አነሳች።

«እሄዳለሁ» አለች ወደ መስኮቱ እያየች። «ጎረቤቴን ጥራልኝ፤ እሷ ትያዘኝ።»

እሱም ወጥቶ የጎረቤቷን በር አንኳኳ።