ያልተነገረው የቢትወደዱ ውድቀት

አቶ ወልደአምላክ ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ስለኖረ አንድ ቢትወደድ፣ ንጉሡ ከሰው ሁሉ አስበልጦ ስላቀረበው ሰው፣ ሲያጠኑ ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው። አገር ቤት የታሪክ አስተማሪ ነበሩ፤ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከመጡ ወዲህ የአንድ ሕንጻ ጥበቃ ናቸው፤ የሚያነቡትም በብሬክ ሰዓታቸው ነው። በመጨረሻ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ አንድ የኢትዮጵያውያን ማኅበር ስለ ሰውየው እንዲናገሩ ጋበዛቸው። አንድ ሰዓት ሙሉ ተሰጣቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት ልጃቸው ሂዊ ነድታ አደረሰቻቸው። አዳራሹ ሞልቷል። ግን የመክፈቻው ንግግር ረዘመ፣ ስፖንሰሮች አንድ በአንድ ተመሰገኑ። ተራቸው ሲደርስ የመድረኩ መሪ ነህምያ ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ የቀረን አሥራ አምስት ደቂቃ ነው፤ እባክዎ ያሳጥሩልን» አላቸው።

ማሳጠር አያውቁበትም። ተራ የፈረስ ጠባቂ እንዴት በንጉሡ ዓይን እንደገባ፣ መኳንንቱ ደጅ ሲጠኑ እሱ ብቻ እልፍኝ ይገባ እንደነበር ተረኩ። ንጉሡ ልጁን እንደዳረለት ሲናገሩ ነህምያ ማይኩን ተቀበላቸው።

«ሰማችሁ ወጣቶች? ከታች ተነስቶ እዚህ መድረስ ይቻላል!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

«ቆይ እንጂ! መውደቁን አልነገርኳቸውም እኮ!» አሉ አቶ ወልደአምላክ። የሰማቸው የለም።

ወደ ቤት ሲመለሱ ቤልትዌይ በሚሉት ቀለበት መንገድ ላይ መኪናው ሁሉ ቆሟል። ሂዊ፣ «ሶ፣ በኋላ ምን ሆነ ሰውየው?» አለቻቸው።

«አሁን ምን ይሠራልሻል!»

«አባዬ፣ ጀስት ንገረኝ።»

ነገሯት። መኳንንቱ ንጉሡን በስውር ይሰድባል ብለው ከሰሱት። ንጉሡ አንድ ምስክር እንኳ ሳይጠይቅ አስገረፈው፤ ከሚስቱ ለይቶ አምባ ላይ አሰረው። ሦስት ጊዜ ምሕረት ለመነ። መልስ ሳይመጣለት እዚያው ሞተ።

«ግን ምን አጠፋ?»

«ምንም!» ዳሽቦርዱን በመዳፋቸው መቱት። «ምንም አላጠፋም! እኔም ይሄንኑ ልል ነበር!»

ሂዊ፣ «ኪንጉ ይወደው ነበር አላልክም?» አለች።

«ይወደው ነበር» አሉ።

ሰኞ ማኅበሩ ጋ ደውለው የቀረውን ለመጨረስ ሌላ ቀን ጠየቁ። ስልኩን ያነሳችው ሴት በትሕትና፣ «ጋሼ፣ ሕዝቡ እኮ በጣም ወዶታል፤ መድገም አያስፈልገውም» አለቻቸው። ለመድገም እንዳልሆነ ሁለቴ አስረዷት። ሁለቴም አመሰገነቻቸው። ዘጉትና የሥራ ሸሚዛቸውን እየቆለፉ ወጡ።