ወገብና ቁመት

ጥይቱ የክላሹ ካዝና ውስጥ አልገባ አለ። ዘበኛዋ መርፌ አዙራ ሞከረችው፤ አፉ ላይ ተገትሮ ቀረ። ከሣጥኑ ሌላ ፍሬ አነሳች፤ እሱም ያው። ክው አለች፤ ምክንያቱም ገና አሁን፣ ጭነቱ እየወረደ ሳለ፣ ለሻምበል በሙሉ አፏ "ልክ ነው" ብላለች።

ሻምበል ጡረታ ከወጡ በኋላ የዱቄት ፋብሪካውን ጥበቃ የሚመሩ ሰው ናቸው። መርፌ ደግሞ ዘበኛ ከመሆኗ በፊት ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ቅጽል ስሟም ከዚያ የመጣ ነው፤ ምላሷም ትንሽ ሳያግዝ አልቀረም። የመሣሪያ ክፍሉ ኃላፊ ሥራ ሲለቅ ቁልፉ ለሙከራ ለእሷ ተሰጠ። ቦታውን እንዴት እንደምትፈልገው እሷና ባሏ ያውቃሉ። እንዲያውም ለጎረቤቱ ሁሉ በር ላይ መገተር እንደቀረላት አስቀድማ አውርታለች።

ጉድ የሠራቻት "ልክ" የምትባል ቃል ናት። ሾፌሩ ሣጥኖቹን ሲያወርድ ሻምበል ከበረንዳው ሆነው "ልክ ነው?" ብለው ጠየቁ። እሳቸው የጠየቁት የጥይቱን ልክ ነበር። እሷ ግን ሣጥን ስትቆጥር ስለነበር ጭነቱ ሞላ ወይ ያሏት መሰላት።

አሁን ከመደርደሪያው አንድ የድሮ ጥይት አምጥታ ከአዲሱ ጎን አቆመችው። ውፍረታቸው ለዓይን አንድ ነው፤ አዲሱ ግን በደንብ ይረዝማል። በድሮውም በአዲሱም ሣጥን ላይ ሰባት ነጥብ ስድስት ሁለት ተጽፏል። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው የሚለያየው። መርፌ ድንጋጤዋን ረስታ ብቻዋን ሳቀች። ዕድሜዋን ሙሉ ሱሪ ስትሰፋ ኖራ፣ ቁመት ሳትለካ ዕቃ ተረከበች!

ሻምበል ዘንድ ሄዳ ሳታድበሰብስ ነገረቻቸው።

"እንዴት ይረዝማል? ሰባት ነጥብ ስድስት ሁለት አይደል እንዴ?"

"እሱ ወገቡ ነው፣ ሻምበል። የእኛ ክላሽ ጥይት ቀለሁ ሠላሳ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ነው። የመጣው ሃምሳ አንድ ነው።"

ሻምበል መነጽራቸውን አወለቁ። ይህን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። ግን ዋናው መሥሪያ ቤት ደውለው ሲያዙ የተናገሩት ወገቡን ብቻ ነበር፤ ዘመናቸውን ሁሉ እንዲያ ሲሉ የሚመጣላቸው አንድ ዓይነት ጥይት ነበርና።

"ሾፌሩ አሳስቶ ጭኖ ነው እንበል" አሉ በመጨረሻ። "አንቺም በሙከራ ላይ ነሽ፤ ቁልፉን እንዳታጪ ብዬ ነው።"

ለእሷ ብለው እንደሆነ ገብቷታል፤ ልቧም ሞቀ። ሾፌሩ ግን ሣጥኖቹን ብቻውን ተሸክሞ፣ "አይዞሽ እህቴ፣ አንቺ ቁጠሪ" ሲላት ነበር። መኪናው ገና በር ላይ ነበር። ወጣ ብላ እንዲጠብቅ በእጇ ምልክት ሰጠችውና ተመልሳ ዋናው መሥሪያ ቤት ደወለች።

"ማን ልበል?" አለ ከወዲያ ማዶ ያለው ሰው።

በዚህ ስልክ እስከ ዛሬ "ዘበኛዋ ነኝ" ነበር የምትለው። ሻምበልን አየት አደረገቻቸው።

"የመሣሪያ ክፍል ኃላፊዋ ነኝ" አለች። "ስናዝም ስንረከብም የተሳሳትነው እኛው ነን። ጥይቱን ሾፌሩ ይዞት ይመለሳል፤ አሁን ትክክለኛውን ከነቁመቱ ልንገርህ።"

ሻምበል የራሳቸውን ወንበር ሳቡላት።