ዝናሽን የምትመስለው ሴት

ፀጋው ምሳውን ከሚስቱ እጅ ተቀብሎ፣ "እግዜር ይስጥልኝ እመቤቴ። ለመሆኑ ወደ ቤትዎ የሚሄዱት መቼ ነው?" አላት።

ሚስቱ ዝናሽ የእጅ ውሃውን አቀረበችለት። ፀጋው የሳንቃ በርን ገደል ሲወርድ በቅሎዋ ጥላው፣ ጭንቅላቱን ድንጋይ ካገኘው ወዲህ እንዲህ ነው። ያን ገደል እንደ ጓዳው የሚያውቅ የስሜን ፓርክ ጠባቂ፣ ስካውት ነበር። ጎንደር ታክሞ፣ ቁስሉ ሽሮ ደባርቅ ሲመለስ ጎረቤቱን፣ የነፍስ አባቱን፣ ልጁን አምሳልን ሁሉንም አወቀ። ያላወቀው ሚስቱን ብቻ ነው። መልኳን አይክድም።

"ቁርጥ ዝናሽን ነው የሚመስሉት፤ የግንባሯ ጠባሳ እንኳ አልቀረ። እሷ ግን አይደሉም" ይላታል፣ ሰው ቤት እንደከረመች እንግዳ አክብሮ።

አምሳል ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቦና የምታጠና የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ትምህርቷን አቋርጣ መጥታ አባቷን ባየች ቀን ነው የበሽታውን ስም ያወቀችው፤ ካፕግራስ ይባላል። "የቅርብ ሰው በመልክ በሚመስለው ሌላ ሰው ተተክቷል ብሎ በጽኑ ማመን።" ይህን ፈተና ላይ ጽፋ ሙሉ ነጥብ አግኝታበታለች።

ያን ዕለት ምሳው እንደተነሳ ዝናሽ ልብሷን በአንሶላ ቋጠረች። ወንድሟ ሊወስዳት ከቤተሰቦቿ አገር ከጃናሞራ በቅሎ ይዞ መጥቶ ደጅ ተቀምጧል።

"ዛሬ ካላወቀኝ እሄዳለሁ" አለች። "በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆኜ አልሞትም።"

የነፍስ አባታቸው ቄስ ሃብተ ጊዮርጊስ ሊያስታርቁ መጥተው ነበር። ጠበሉ እንደገና ይሞከር አሉ።

"አባ፣ ጋኔን አይደለም" አለች አምሳል፣ ሳይጨርሱ። "መልክ የሚለየው የአንጎሉ ክፍል ደኅና ነው። ከዚያ ወደ ስሜት የሚወስደው መንገድ ነው የተቆረጠው። ፊቷን ያያል፤ ልቡ ግን 'የኔ ናት' አይለውም።"

"ደግ ተምረሻል ልጄ። መድኃኒቱስ?"

"እሱ ላይ... ገና አልደረስንም።"

"እንግዲያ እኔ ጠበል አለኝ፣ አንቺ ስም አለሽ። በኔው እንኳ ይታጠቡበታል።"

አምሳል ተናደደች። የተናደደችው ግን እውነታቸውን ስለሆነ ነው። ያኔ የዩኒቨርሲቲ መምህሯ አንድ ቀን ክፍሉን ለቅቆ ሲወጣ ጣል ያደረገው ነገር ትዝ አላት፤ ድምፅ ወደ ስሜት የሚሄደው በሌላ መንገድ ነው፤ ከእንዲህ ያሉ ሕሙማን በስልክ ሲሆን ሰዋቸውን የሚያውቁ አሉ። የአባቷን ሞባይል መደቡ ላይ አጠገቡ አኖረች። እናቷን በክንዷ ይዛ፣ በአጥሩ ክፍተት አሾልካ ወርቄ ቤት አስገባቻት፤ ወርቄ ጎረቤታቸው ናት።

"እማዬ፣ ምንም ቢልሽ እንዳትመለሺ። ድምፅሽን ብቻ ይስማ።"

አምሳል በእናቷ ስልክ ወደ አባቷ ደውላ ሰጠቻት። "ሃሎ" አለች ዝናሽ።

ከወዲያ የፀጋው ድምፅ መጣ፤ "ዝናሽ? አንቺ ሴት፣ የት ጠፍተሽ ነው?" አለ። "ሞታለች ብዬ እኮ ነው።"

"አለሁ ፀጋው። አለሁ።"

"እዚህ አንዲት ሴት አለች። ክፉ አይደለችም፣ ታበላኛለች። ግን ያንቺን ቀሚስ ትለብሳለች። ነይ እንጂ።"

"መጣሁ" አለች ዝናሽ።

አምሳል ልትይዛት እጇን ስትዘረጋ መዳፏ ላይ የቀረው ነጠላው ነው። እናቷ በክፍተቱ አልፋ፣ ቄሱን አልፋ፣ እንደ ልጃገረድ እየሮጠች ገባች።

ፀጋው ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ቀና አለ። ፊቱ መብራት እንደሄደበት ቤት ጨለመ።

"ቀስ ይበሉ እመቤቴ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሚስቴ እየመጣች ነው። ስትመጣ እዚህ እንዳታገኝዎ፤ ደግ አይሆንም።"

አምሳል በሩ ላይ ደርሳ አፏን ከፈተች። የመጣላት ያው የፈተናው ዓረፍተ ነገር ነበር። አፏን መልሳ ዘጋች።

ዝናሽ ወጣች። ወንድሟ በቅሎው ላይ የጫነውን ጓዝ ራሷ ፈታ አወረደችው። ጃናሞራ አልሄደችም፤ ወርቄ ቤት፣ ቤቷን በሚያዋስነው ግድግዳ ሥር ሰሌን ዘረጋች።

"እማዬ፣ ይሄ መዳን አይደለም" አለች አምሳል። "ምናልባትም መቼም..."

"'ነይ' ሲለኝ ምን ልበለው? ይሄን አስተምረውሻል?"

በግድግዳው ማዶ ፀጋው የዝናሽን ስም ይጠራል።

"እንግዲያ ለስልኬ ካርድ ግዢልኝ" አለች ዝናሽ። "ሂሳቡ አልቋል።"